ሰማያዊ የሌለበት ካርታ

የምሠራው ሳን ሆዜ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ነው። ሥራዬ የድሮ ካርታዎችን ስካን ማድረግና ከዛሬው የሳተላይት ፎቶ ጋር ማጋጠም ነው። መሬት የሚገዙና ሕንፃ የሚያቆሙ ሰዎች ቦታው ከመቶ ዓመት በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ ስለሚፈልጉ እንጀራው አይቋረጥም። አዲስ አበባ ሳለሁ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። እዚህ መጥቼ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ሳቆም ከኖርኩ በኋላ ወደ ሙያዬ የተመለስኩት በዚህ በኩል ነው። አላማርርም። ካርታ አይጨቀጭቅም፣ ዘገየህ ብሎም አያፈጥም።

ካርታ ስዘረጋ የማየው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሰማያዊውን፣ ቀጥሎ ቡናማውን፣ በመጨረሻ ጥቁሩን። ሰማያዊው ውሃ ነው፤ ቡናማው የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ነው፤ ጥቁሩ ሰው የሠራው ሁሉ ነው። ይህን ያስተማረኝ የመጀመሪያ አለቃዬ ነበር። ውሃውን ያላወቀ መሬቱን አያውቅም ይል ነበር። ሌላም ብዙ ነገር ይል ነበር፤ አብዛኛው ግን ስለ ራሱ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የቀረበው ካርታ ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ያሉትን ኮረብቶች የሚያሳይ ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፣ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ወረቀቱ ወይቧል። በዚያ ዘመን አገሩ ገጠር ነው። ትንንሾቹ ጥቁር አራት ማዕዘኖች የሠራተኞች ቤቶች ናቸው፤ ባንዲራ የተሰካባት ትምህርት ቤት ናት፤ የተጣመሩት መዶሻዎች ማዕድን የሚቆፈርበትን ያሳያሉ። ይቆፈር የነበረው ባዜቃ ነው፣ ዛሬ ሁላችንም ሜርኩሪ የምንለው። ማዕድኑ ከተዘጋ ዘመናት አልፈዋል። ዛሬ እዚያ ያለው ሣር፣ የዋርካ ያህል ግርማ ያላቸው ኦክ ዛፎችና ጥቂት ከብት ነው።

እንደ ልማዴ አራቱን ማዕዘን አጋጠምኩ። መንገዶቹ ልክ መጡ። ከዚያ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መንገዱ እንደ መንጠቆ ይታጠፍና ትንሽ ድልድይ ይሻገራል፤ ከድልድዩ ማዶ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ያቺን መታጠፊያ አውቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን የማቆመው እዚያ ነው። እናቴ ጸበል የምትጠመቀው ደግሞ ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ ነው።

ስለ እናቴ ትንሽ ልበል። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ሠርታ ጡረታ ወጣች፤ አባቴ ሲሞት ወደ ኦክላንድ አመጣኋት። ቤታችን ከቴሌግራፍ አቬኑ ብዙም አይርቅም፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው አሥራ አራት ነው፤ ቆጥራዋለች። ጉልበቷ ስለማይታዘዛት እሑድ እሑድ ደግፌ ለቤተ ክርስቲያን ካላወረድኳት በቀር አትወጣም ነበር። አገሬ ናፈቀኝ ብላ አታውቅም። ሰለቸኝ ነው የምትለው፣ እሱንም ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዞረች።

የጸበሉ ነገር የተጀመረው በፍየል ነው። ዩኒየን ሲቲ የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት አሉ፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ ሲወጡ ያን የኮረብታ መሬት ገዝተው ፍየል ያረባሉ። ለፋሲካ የቴሌግራፍ ሐበሻ ግማሹ የሚገዛው ከሳቸው ነው። አንዲት ፍየላቸው እግሯ ቆስሎ አልድን ብሎ ነበር። ከድንጋይ መካከል የምትፈልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየቆመች ቁስሏ ደረቀ። ቀጥሎ የአዛውንቱ ወገብ ዳነ። ከዚያ ወሬው ኦክላንድ ደረሰ፤ ሴቶቹ በጾም ሆድ፣ ጋሎን ይዘው፣ በመኪና እየተዛዘሉ ይመጡ ጀመር። ካህን አልባረከውም። አንድ ካህን ተጠይቀው ሲያስቡበት ከረሙ፤ ሕዝቡ ግን አልጠበቃቸውም።

ምንጯ ዙሪያ አፈሩ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሴቶቹ እሱንም እምነት ነው ብለው በላስቲክ እየቋጠሩ ይወስዳሉ፣ ግንባራቸውንና የሚያማቸውን ቦታ ይቀቡታል። ያን ሰሞን ቴሌግራፍ ላይ ግንባራቸው ቀላ ያለ እናቶች ማየት ብርቅ አልነበረም።

እናቴ ሁለት ወር ሳይሞላት ደረጃውን ብቻዋን መውረድ ጀመረች። እኔ በልቤ፣ በየሳምንቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቁልቁል ወርዳ ሽቅብ ስለምትወጣ ነው አልኩ። አፌን ግን ዘጋሁ፤ ያገኘችውን ደስታ ለምን እቀማታለሁ። ከዚህም በላይ ሰው ሆነች። ስልኳ ይጮኻል፤ ለራስ ምታት ስንት ቀን ነው፣ ልጅ ይጠመቅበታል ወይ እያሉ ይጠይቋታል። እሷም በመስኮቷ እንዳለች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ለሁሉም በተራው ትመልሳለች።

ከእኛ በታች፣ እዚህ አንደኛ ፎቅ በሚባለው ምድር ቤት፣ በዲቪ የመጣች ወጣት ከባሏ ጋር ትኖራለች። እሷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፣ እሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ካገቡ አራት ዓመት ሆኗቸው ልጅ አልነበራቸውም። እናቴ በየቅዳሜው አንድ ጋሎን ታመጣላት ጀመር፤ ከቀዩም አፈር በጥብጣ ሆዷን ትቀባት ነበር። በሦስተኛው ወር አረገዘች። ልጅቷ የእናቴን እግር ስማ አለቀሰች። እናቴም አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በውሃው ላይ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ካለ ሆዷን ማሳየት በቂ ነበር። ካርታው እጄ የገባ ዕለት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

እና ማክሰኞ ዕለት ያቺን መታጠፊያ አጉልቼ አየሁ። መጀመሪያ የፈለግሁት ሰማያዊ ነው። ምንጭ ካለ ትንሽ ሰማያዊ ክብ ትኖራለች፣ ጭራ ያላት። የለችም። ካርታውን የሠሩት ሰዎች እግረ ቀላል ነበሩ፤ ከዚያ ግማሽ ማይል ርቃ ያለችን፣ ከብት እንኳ የማታረካ ምንጭ አልዘለሉም። ጸበሉ በሚገኝበት ቦታ ላይ ግን ያለው ጥቁር ብቻ ነው፤ እንደ ባላ የተሰነጠቀች ትንሽ ምልክት። ትርጉሟን ለማወቅ መግለጫ ማየት አላስፈለገኝም። ወደ ተራራው ሆድ በአግድም የተቆፈረ የማዕድን ዋሻ አፍ ናት። ዙሪያዋን ነጠብጣብ አለ፤ ያ ደግሞ ማዕድኑ ተቃጥሎ ባዜቃው ከወጣለት በኋላ የተደፋው ቆሻሻ ነው። ቀይ የሚሆነው እሱ ነው።

ምንጯ የምትፈልቅበት ድንጋይ ዋሻው ሲናድ አፉን የዘጋው ነው ማለት ነው። ውሃው ከዋሻው ውስጥ የሚወጣ ነው። እጄ ማውሱ ላይ እንዳለ ፈራሁ፤ ለእናቴ ሳይሆን መጀመሪያ የፈራሁት እናቴን ነው።

ያን ዕለት አልነገርኳትም። እርግጠኛ ልሁን አልኩ። ቅዳሜ ወሰድኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪና ወርጄ ተከተልኳት። ደስ አላት፤ ወደ ልቡ ተመለሰ ብላ ነው። እሷ ስትጸልይ እኔ አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ጭብጥ አፈር ወሰድኩ፣ ሰኞ ለምርመራ ላክሁ። ከዚያ ውጤቱን ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዬ ድምፅ ያሰማል፣ ዛሬ ይቅርብን አልኳት። ስልኳን አነሣችና የሚወስዳት ሰው ትጠይቅ ጀመር። ሦስተኛውን ሰው ስትደውል መኪናው ደህና ነው፣ እንሂድ አልኩ። ወሰድኳት፤ ጋሎኖቹን ሞልታ ተመለሰች፤ አንዱን ራሴ ተሸክሜ ልጅቷ በር ላይ አስቀመጥኩ።

አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ አንድ ቃል መናገር ምን ይከብዳል። የከበደኝ ውሃው አይደለም። ውሃውን ስወስድባት ያቺን ሴትዮ፣ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥን ያዞረችውን፣ መልሼ ሶፋው ላይ የማስቀምጣት መሰለኝ። ነገ ዛሬ አልኩ። ነገ ዛሬ ማለት ደግሞ እኛ ቤት የተወረሰ ሙያ ነው፤ አባቴም የልቡን ሕመም እንዲሁ ነገ ዛሬ ሲል ነው የሞተው።

ውጤቱ ሐሙስ መጣ። ውሃው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ለመጠጥ ከሚፈቀደው አለፍ ያለ ነው። አፈሩ ግን በእጅ የሚነካ አይደለም። ያን ዕለት በባቡር ስመለስ ዩኒየን ሲቲ ላይ ወረድኩና አዛውንቱ ቤት ሄድኩ።

ወረቀቱንና ካርታውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ፍየሎቹ ነው። ቀጥለው ከሁሉ ሰው በፊት እሳቸው መጠጣታቸውን፣ ዛሬም ጠዋት መጠጣታቸውን ነገሩኝ። መሬቱን ሲገዙ አሮጌ ጉድጓድ እንዳለ ተነግሯቸው ነበር፤ ግን ተዘግቷል ስለተባሉ ሁለተኛ አላሰቡትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቁልፍ ይፈልጉ ጀመር።

«ነገ በጠዋት አጥሩን እዘጋለሁ» አሉ። «ለሕዝቡ እኔ እደውላለሁ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ እኔው እመልሳቸዋለሁ። ለእናትህ ግን አንተ ንገራት፣ ወደይ።» ወደይ በሳቸው አፍ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ በፊት እንዲያ ብለውኝ አያውቁም።

ቃላቸውን ጠበቁ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ሲደውሉ ሰነበቱ። አንዳንዱ አመሰገናቸው፣ አንዳንዱ ለፈረንጅ ሸጠው ነው አለ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ለእኔ ብቻ ይክፈቱልኝ ብላ ለመነቻቸው። አልከፈቱም።

ዓርብ ከሥራ ቀረሁ። ከቁርስ በኋላ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣ የምርመራውን ወረቀት አጠገቡ አደረግሁ፣ ለደንበኛ እንደማስረዳ ከመንገዱ ጀምሬ አስረዳኋት። ድልድዩ ይኸው፣ ቁልቁለቱ ይኸው፣ ዋሻው ይኸው። ሜርኩሪ ምን እንደሚያደርግ፣ በተለይ ላልተወለደ ልጅ፣ ረጋ ብዬ ነገርኳት። ካርታውን አላየችም። ወረቀቱን አነሣች። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ ወረቀት ስትይዝ መጀመሪያ የምታየው ቀኑን ነው።

«ይሄ ውሃ የተቀዳው ቅዳሜ ነው» አለች። «የቱ ቅዳሜ?»

«ያለፈው ሳይሆን ከሱ በፊት ያለው።»

«ያለፈውስ?»

«ወሰድኩሽ።»

«እያወቅህ?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም፣ እማዬ።»

«ካልጠረጠርክ ለምን ቀዳህ?»

ካርታውን ያየሁት ከምርመራውም በፊት፣ ማክሰኞ እንደሆነ ነገርኳት፤ መደበቁ ዋጋ አልነበረውም። በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ቀን። ከዚያ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ካለው የጸሎት ሥዕሏ አጠገብ ያለውን የቀይ አፈር ቋጠሮ አወረደች፣ በሌላ ላስቲክ ደርባ አሰረችው፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። አላለቀሰችም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ራሷ ደም፣ ስለ እግዚአብሔርም አንድ ነገር አላነሣችም። እኔ የፈራሁት ሁሉ አልሆነም፤ ያልፈራሁት ነው የሆነው።

«ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እሱን እኔ እነግራታለሁ» አለች። «አሥራ ሰባቱን ቀን ግን አንተ ትነግራታለህ። ልበስ።»

መጨረሻውን ቀድሜ ልናገር፣ ሰው በከንቱ እንዳይጨነቅ። እናቴ ደሟ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኘባት፤ በወራት ውስጥ ወረደ። ልጅቷም ተገኘባት፣ ግን ትንሽ። ሐኪሞቹ እስክትወልድ በየሳምንቱ አዩአት። በጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ደህና ናት፣ አሁን ድረስ እየተመረመረች ታድጋለች። የእናቴ የጉልበት ሕመም አልተመለሰባትም፤ እስከ ዛሬ በየቀኑ ሰፈሩን አንድ ዙር ትዞራለች። ይህ ሁሉ ግን ያን ዓርብ ጠዋት አይታወቅም ነበር። ያን ጠዋት የነበረው አሥራ አራት ደረጃ ነው።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወረደች። ስትይዘኝ እንደወትሮው ነው፣ ጠበቅ አድርጋ። ልጅቷ የሥራ ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ደረስን። በሩን ከፍታ ፊታችንን ስታይ ሰው የሞተባት መስሏት ግድግዳ ያዘች። እናቴ አስቀመጠቻትና ነገረቻት። አላሳጠረችም፣ አላባበለችም፤ ከካርታው የሰማችውን አንድ ሳታስቀር በራሷ ቃል ተናገረች። እኔ የሰጠሁሽ ውሃ መርዝ አለበት፣ አላወቅሁም ነበር፣ ይቅር በዪኝ አለች። ልጅቷ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

«ዛሬውኑ ለዶክተሬ ኮል አደርጋለሁ፣ እማማ» አለች። «እርስዎ ምን ያውቃሉ። እርስዎም እኮ ጠጥተዋል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ተናገርኩ። ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት እንዳየሁ፣ በመካከሉ ሁለት ቅዳሜ እንዳለፈ፣ የሁለተኛውን ቅዳሜ ጋሎን ራሴ በሯ ላይ እንዳስቀመጥኩ። ድምፄ የቢሮ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም። ልጅቷ ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። እንደ ነርስ ነው ያየችኝ፣ ምን እንደበላሁ እንደምትጠይቅ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጠጥተውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ካርታውን ካዩ ወዲህ ነው ያልጠጡት?»

«ከመጀመሪያውም ጠጥቼ አላውቅም።»

ይህን ስናገር ምን እየተናገርኩ እንዳለሁ አልገባኝም ነበር። የገባኝ እናቴን ሳያት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ያን ዳገት በሚያማት ጉልበት ስትወጣ በአንድ እጇ ኩባያ ይዛ ነበር የምትመጣው። ለእኔ ነው። እንዳይፈስ በመዳፏ ከድና። በመኪናው መስኮት ታቀብለኛለች፤ እኔም እሺ፣ ሲበርድልኝ እላለሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ምን እንዲበርድልኝ እንደምጠብቅ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ዞር ስትል በሩን ገርበብ አድርጌ አስፋልቱ ላይ እደፋው ነበር። ባዶውን ኩባያ ስሰጣት ምሕረቱን ያድርግልህ ትለኛለች። መርዝ ይሆናል ብዬ አልነበረም የደፋሁት። የአሮጊቶች ጨዋታ ነው ብዬ ነው።

«እኔ የሰጠሁህንስ?» አለች እናቴ።

«እደፋው ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ራሷን ነቀነቀች፣ የጠፋ ደብዳቤ የት እንደገባ እንደተነገራት ሰው። ልጅቷ ማቀዝቀዣዋን ከፍታ የቀሩትን ሁለት ጋሎኖች አውጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። አነሣኋቸው። እናቴ ጉንጯን ሳመቻት፣ ሆስፒታል አብሬሽ እሄዳለሁ ብላ ቃል ገባችላት፣ ሁለታችንም ወጣን። ደረጃው ሥር ስንደርስ አንዱን ጋሎን ወደ ሌላው እጄ አሻግሬ ክንዴን ሰጠኋት። እናቴ የደረጃውን ብረት ያዘች፣ አሥራ አራቱንም ብቻዋን ወጣች።